የደን ካርቦን ክምችት ምንድን ነው?

የደን ካርቦን ክምችት ማለት በአንድ ደን ውስጥ በቆመው ዛፍ፣ በሥሩ፣ በወደቀው ግንድ፣ በረገፈው ቅጠልና በአፈሩ ተይዞ ያለ የካርቦን መጠን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በሄክታር ይህን ያህል ቶን ተብሎ ነው። በአፍሪካ ተራራማ ደኖች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት ከመሬት በላይ ያለው የዛፍ ካርቦን ብቻ በአማካይ በሄክታር 149 ቶን መሆኑን አሳይቷል። ሥሩና አፈሩ እዚህ ውስጥ የሉም።

ዛፍ ይህን ካርቦን ከአፈር አያገኘውም፤ ምንጩ አየር ነው። በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሥር ከመጣው ውሃ ጋር በፀሐይ ብርሃን ኃይል ስኳር ይሆናል፤ ኦክስጅን ይወጣል። ከስኳሩ ግማሽ ያህሉን ዛፉ ራሱ ለመኖር ስለሚያቃጥለው መልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። የተረፈው ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ሥርና ቅጠል ይሆናል። የደረቀ እንጨት ከክብደቱ በአማካይ 47 በመቶው ካርቦን ነው።

ካርቦንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ቁጥር አይደሉም። አንድ የካርቦን አቶም 12፣ ሁለት ኦክስጅን የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 44 ይመዝናል። ስለዚህ 1 ቶን ካርቦን ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው 149 ቶን ካርቦን ወደ 546 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጋል ማለት ነው። ሪፖርት ሲያነቡ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቁጥሩ የትኛውን እንደሚናገር ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው አንዱን ደን አራት ደን ሊያደርገው ይችላል።

ክምችት ሌላ፣ በየዓመቱ የሚገባው ሌላ

ስለ ደንና አየር ንብረት የሚደረገው ክርክር ብዙው የሚነሳው እነዚህን ሁለቱን ከማደባለቅ ነው። ጎተራ ውስጥ ያለው እህልና ዘንድሮ የገባው ምርት አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ፣ ደኑ የያዘው ካርቦንና ደኑ በዓመት ከአየር የሚወስደው ካርቦን የተለያዩ ናቸው። በጅማ ዞን በለጤ-ጌራ ውስጥ ያለ ያረጀ ደን ክምችቱ ከፍተኛ ነው፤ በዓመት የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ዛፎች ሲያድጉ ሌሎች ደግሞ ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ። አምስት ዓመት የሆነው የባህር ዛፍ ማሳ በተቃራኒው ክምችቱ ትንሽ ሆኖ በፍጥነት ያድጋል። «ባህር ዛፍ በፍጥነት ካርቦን ይስባል፣ ያረጀው ደን ግን ቆሟል፤ ስለዚህ አሮጌውን ቆርጦ አዲስ መትከል ይሻላል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። አሮጌውን መቁረጥ ማለት በመቶ ዓመት ከተጠራቀመው አብዛኛውን በአጭር ጊዜ መልቀቅ ነው። አዲሱ ማሳ ያንን ዕዳ ከፍሎ ትርፍ እስኪያሳይ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ በየስድስትና በየሰባት ዓመቱ ለአጣናና ለማገዶ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይከፍለውም።

እንዴት ይለካል?

ዛፍን ሳይቆርጡ መመዘን ስለማይቻል ሥራው ውፍረቱንና ቁመቱን ለክቶ በቀመር ክብደቱን መገመት ነው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የጨርቅ ሜትር፣ ቁመት መለኪያ ክሊኖሜትር፣ ጂፒኤስ፣ ገመድ፣ ጠመኔና መመዝገቢያ ደብተር። ክብ የናሙና ቦታ የሚመርጡ ሰዎች ከመሃል 17.84 ሜትር ገመድ ዘርግተው ይዞራሉ፤ ይህ በትክክል 1,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የሄክታር አንድ አሥረኛ ይሰጣል። አራት ማዕዘን የሚመርጥ 20 በ20 ሜትር ይከልላል፤ በሄክታር ለመግለጽ ውጤቱን በ25 ያባዛል። የናሙናዎቹ ቦታ በካርታ ላይ በዕጣ መውጣት አለበት። መንገድ ዳር ያለውን፣ ለመግባት የሚመቸውን ብቻ የለካ ቡድን የተመነጠረውን ዳርቻ ለክቶ ስለ መሃሉ ይናገራል።

የእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደረት ትክክል ነው። ዙሪያው ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ ይገኛል። ተዳፋት ላይ የቆመ ዛፍ ከላይኛው ወገን ይለካል። የተጋደመ ዛፍ 1.3 ሜትሩ የሚቆጠረው በግንዱ ርዝመት ነው፤ ከመሬት ቀጥ ብሎ አይወሰድም። ከ1.3 ሜትር በታች መንታ የሆነ እንደ ሁለት ዛፍ፣ ከዚያ በላይ መንታ የሆነ እንደ አንድ ዛፍ ይመዘገባል። ከሥሩ ክንፍ እያወጣ የሚሰፋ ትልቅ ዛፍ ደግሞ ክንፉ ካበቃበት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል።

ለሐሩር አካባቢ ዛፎች በስፋት የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ቀመር እንዲህ ነው፦ የእንጨቱን እፍግታ (ግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር)፣ የዲያሜትሩን ካሬ (በሴንቲ ሜትር) እና ቁመቱን (በሜትር) ማባዛት፤ ውጤቱን ወደ 0.976 ኃይል ማሳደግ፤ ከዚያ በ0.0673 ማባዛት። የሚገኘው ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት በኪሎ ግራም ነው። ለሥሩ፣ ለተራራማ አካባቢ በተለምዶ የሚወሰደውን 27 በመቶ ይጨምሩበታል።

በምሳሌ እንየው። ዲያሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 18 ሜትር የሆነ ዋንዛ፣ እፍግታው 0.45 ቢሆን፣ ከመሬት በላይ 695 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሥሩ ሲጨመር 883፤ ካርቦኑ 415 ኪሎ፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገለጽ ወደ 1,520 ኪሎ ግራም ነው። አሁን ዲያሜትሩ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሜትር፣ እፍግታው 0.60 የሆነ ቀረሮ እንውሰድ። በዚያው መንገድ ሲሰላ 12.8 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ነው፤ ክምችቱ ግን ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሜትር የሆነ፣ ከችግኝነት አልፎ የተሳካለት ለጋ ዛፍ ደግሞ 8 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይይዛል። አንድን ቀረሮ ለመተካት 1,500 ያህል እንዲህ ያሉ ዛፎች ያስፈልጋሉ፤ ያውም ሁሉም ጸድቀው፣ ከብት ሳይበላቸው እዚያ ደረጃ ከደረሱ። የችግኝ ቁጥር ብቻ የሚዘግብ ሪፖርት ስለ ካርቦን የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የት ይበላሻል?

ዲያሜትር በቀመሩ ውስጥ በካሬ ስለሚገባ ትንሽ ስህተት ትልቅ ሆኖ ይወጣል። የ80 ሴንቲ ሜትሩን ዛፍ ክንፉ ላይ ለክቶ 100 ያለ ሰው ክብደቱን ከግማሽ በላይ አጋነነ። ከዚህ የባሰው ዙሪያውን በዲያሜትር ዓምድ ስር መጻፍ ነው፤ አንድ ዛፍ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ሠንጠረዡ ላይ 200 ሴንቲ ሜትር የሚል ዲያሜትር በብዛት ከታየ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው። ሐረግ ከሜትሩ ስር መግባቱ፣ ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ግንድ እንደ ሙሉ መቆጠሩ፣ ለሁሉም ዛፍ አንድ እፍግታ መውሰድ፣ ሁሉም ውጤቱን ያጋድላሉ። ቁመት ከሁሉ ይከብዳል፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ጫፉ ስለማይታይ ለኪው ጎን ያለውን ቅርንጫፍ ጫፍ ያደርገዋል። መፍትሔው ከዛፉ ቁመት ባላነሰ ርቀት ቆሞ ከሁለት አቅጣጫ መለካት ነው።

የጅማ አካባቢ መሬት ወጣ ገባ ነውና የተዳፋት ጉዳይ ችላ መባል የለበትም። 17.84 ሜትሩ በአግድም የሚቆጠር ርቀት ነው። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ገመዱ ወደ ላይና ወደ ታች 20.6 ሜትር መሆን አለበት። ሳይስተካከል ከቀረ የናሙናው ቦታ በ13 በመቶ ያንሳል፣ በሄክታር የሚሰላው ካርቦንም በዚያው ልክ ይወርዳል።

አፈሩን አለመለካት ደግሞ ሌላውን ትልቅ ጎተራ መተው ነው። ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ናሙና ይወሰዳል፤ ለካርቦኑ መቶኛ አንድ፣ ለእፍግታው ደግሞ መጠኑ በሚታወቅ ቀለበት ሳይጨማደድ የሚወጣ ሌላ። የእፍግታው ናሙና በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ደርቆ ይመዘናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የካርቦኑ መቶኛ፣ እፍግታውና ጥልቀቱ በሴንቲ ሜትር ሲባዙ ቶን በሄክታር ይሰጣሉ። 4 በመቶ ካርቦን ያለው፣ እፍግታው 0.9 የሆነ አፈር በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 108 ቶን ካርቦን አለው። በዝናብ ማግስት ተወስዶ ሳይደርቅ የተመዘነ፣ ወይም ድንጋዩ ያልተቀነሰለት ናሙና ይህን ቁጥር ያሳብጠዋል። ደን ተመንጥሮ በየዓመቱ ሲታረስ የአፈሩ ካርቦን እየተብላላ ይወጣል። ዛፉ ተቆርጦ ጣውላ ቢሆን እንኳ ካርቦኑ በቤት ዕቃነት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ አፈሩ ያጣውን ግን ማንም ቆጥሮ አያስቀምጠውም።

የጫካ ቡና ነገር

ጅማ ላይ ጥያቄው ልዩ መልክ የሚይዘው በቡናው ምክንያት ነው። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ፣ ጌራ፣ ሸቤ፣ ብዙው ደን ቡና ያለበት ደን ነው። ቡና ጥላ ስለሚወድ ገበሬው ዋንዛውን፣ ሰሳውን፣ ብሳናውን ያቆያቸዋል፤ ከላይ ሲታይ ደኑ ደን ነው። በጠራ ማሳ ወይም በጫት ማሳ አንጻር ሲታይ በእርግጥም ብዙ ካርቦን ይዞ ይቆያል። በበለጤ-ጌራ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም መሠረቱ ይኸው ነበር፤ «ዋቡብ» የሚባሉት የደን ማኅበራት ደኑን ይጠብቃሉ፣ በምትኩ ቡናውንና ማሩን በሕጋዊ መንገድ ይጠቀማሉ።

ችግሩ ከስር ነው። ለቡናው ሲባል በየዓመቱ ምንጣሮ ሲደረግ ከቁጥቋጦው ጋር የቀረሮው፣ የዝግባው፣ የጥቁር እንጨቱ ቡቃያም አብሮ ይጨፈጨፋል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ክምችቱ አልተነካም፤ ተተኪ ግን የላቸውም። አንድ በአንድ በንፋስና በዕርጅና ሲወድቁ ቦታቸውን የሚይዘው ቡናና ፈጥነው የሚያድጉ ጥቂት ዝርያዎች ናቸው። ይህ በዛሬ ልኬት አይታይም፤ ስለዚህ የቡና ደን የሚለካ ቡድን ከትልቁ ናሙና ውስጥ አንድ ትንሽ ቦታ ከልሎ ቡቃያዎችን በዝርያ መቁጠር አለበት። ለገበሬውም የሚቻል ነገር አለ፤ በምንጣሮ ጊዜ በየተወሰነ ርቀት አንድ የነባር ዛፍ ቡቃያ በእንጨት ምልክት አድርጎ መተው ከቡናው ምርት ብዙ አይቀንስም።

ቡናው ራሱም ይለካል፤ ግንዶቹ ከታች ስለሚበዙ ዲያሜትሩ የሚወሰደው ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ለኢትዮጵያ ቡና በተሠራ ቀመር ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ በ0.147 ሲባዛ ክብደቱ በኪሎ ይገኛል፤ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከጥላ ዛፎቹ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ትርጓሜ ደን ማለት ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ አክሊል ሽፋን (ከላይ ሲታይ ቅርንጫፍና ቅጠል የሚሸፍነው) ያለው መሬት ነው። አክሊሉ ከ80 በመቶ ወደ 30 የወረደ የቡና ደን በካርታው ላይ አሁንም ደን ነው። ግማሽ ካርቦኑን ቢያጣም «የደን ጭፍጨፋ የለም» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ክርክሩ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአየር ንብረት መሞቅ ምክንያት መሆኑን የሚጠራጠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ነጥቦች አሉ፤ ከነሱም ሦስቱ ደንን በቀጥታ ይነካሉ።

የመጀመሪያው «ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተክል ምግብ ነው፤ ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጋዙ ሲበዛ ብዙ ተክሎች በፍጥነት ያድጋሉ፣ በዓለም ላይ የቅጠል ሽፋን መጨመሩም በሳተላይት ታይቷል። ነገር ግን ዕድገቱን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ውሃ ይገድቡታል፤ ሙቀቱ ደግሞ የራሱን ጉዳት ያመጣል። አረቢካ ቡና በአማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ያለውን አየር ይመርጣል። ሙቀቱ ሲያልፍበት ፍሬው ቶሎ ይበስላል፣ ጥራቱ ይወርዳል፣ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ ጥንዚዛውም ወደ ደጋው ይወጣል። ለጅማ ገበሬ «ምግቡ በዛለት» የሚለው መልስ አይበቃውም።

ሁለተኛው «ከአየሩ 0.04 በመቶ የሆነ ጋዝ እንዴት ምድርን ያሞቃል?» የሚል ነው። 99 በመቶውን የያዙት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ምድር የምትለቀውን የሙቀት ጨረር አያግዱም። የሚያግዱት እንደ ውሃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ያሉት ናቸው። ይህን ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1859 በቤተ ሙከራ አሳይቶታል፤ ስቫንቴ አርሄኒየስ ደግሞ በ1896 ጋዙ ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቷል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 የነበረው መጠን ዛሬ ከ420 አልፏል።

ሦስተኛው «ጭማሪው ከሰው መሆኑ በምን ታወቀ? ደንና ባሕርም ይተነፍሳሉ» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በአየሩ ውስጥ ተጽፏል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተቀበሩ ስለሆኑ ካርቦን 14 የሚባለው፣ ከጊዜ ጋር እየጠፋ የሚሄደው የካርቦን ዓይነት አይገኝባቸውም፤ ግማሹ በ5,730 ዓመት ውስጥ ስለሚጠፋ አልቋል። በአየሩ ውስጥም ካርቦን 14 በዚሁ ምክንያት ተቀላቅሎ ሳስቷል። ነዳጅ ሲቃጠል ኦክስጅን ስለሚበላም የአየሩ ኦክስጅን በጥቂቱ እየቀነሰ ነው፤ ጋዙ ከባሕር ብቻ የወጣ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። ደንና ባሕር ደግሞ በድምሩ ከሚለቁት ይልቅ የሚወስዱት ይበልጣል። ሰው በየዓመቱ ከሚለቀው ውስጥ ግማሽ ያህሉን የብስና ባሕሩ ይውጡታል፤ ባይሆን ኖሮ ሙቀቱ ከዛሬው የከፋ ይሆን ነበር።

በሌላ ወገን ደንን የሚወዱ ሰዎችም የሚያጋንኑት ነገር አለ። «ደን የዓለም ሳንባ ነው፣ ኦክስጅን ያመርትልናል» ይባላል። ያረጀ ደን የሚያወጣውን ኦክስጅን ያህል በአተነፋፈስና በብስባሽ መልሶ ይጠቀመዋል። «ዛፍ ተክለን ነዳጁን እናካክሳለን» የሚለውም በስሌት አይቆምም። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ናፍጣ የሚበላ አይሱዙ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲመለስ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ስለሚለቅ፣ 470 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ያ ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩ ዋንዛ በዕድሜው ሁሉ የያዘው ከሦስት ደርሶ መልስ ብዙም አይበልጥም። ዓለም ከነዳጅና ከከሰል በዓመት ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ይለቃል። መትከል ከመቁረጥ ይሻላል፤ ነዳጅን አይተካም።

ገንዘቡስ?

ለኦሮሚያ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም ባንክ ጋር የተፈረመው ውል እስከ 4 ሚሊዮን ቶን ለሚደርስ ቅነሳ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ነው፤ በቶን 10 ዶላር ማለት ነው። ብዙዎች «ዛፌ ቆሞ እያለ ይከፈለኛል» ብለው ይረዱታል። አይደለም። የሚከፈለው ለክምችቱ ሳይሆን ለቅነሳው ነው። መጀመሪያ ያለፉት ዓመታት ጭፍጨፋ ተሰልቶ መነሻ ይወጣለታል፤ ከዚያ መነሻ በታች የወረደው ልቀት ብቻ ይቆጠራል። ደኑን ሁልጊዜም ጠብቆ የኖረ ቀበሌ መነሻው ዝቅተኛ ስለሆነ የሚያሳየው ቅነሳ ትንሽ ነው። ይህ በጣም ኢፍትሐዊ ሆኖ ይሰማናል፤ የጥቅም ክፍፍሉ በቅነሳ ብቻ ሳይሆን ደኑን በማቆየትም እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

መነሻው ከተጋነነ ደግሞ ያልተቀነሰ ልቀት እንደ ቅነሳ ይሸጣል፤ በዓለም የካርቦን ገበያ ላይ ትልቁ ወቀሳ ይህ ነው። ቀጥሎ የሚነሳው ጭፍጨፋው ወደ ጎረቤት መሸሹ ነው። ጌራ ላይ የተከለከለ ጣውላ ከሲግሞ ወይም ከሰጠማ ከመጣ አየሩ ምንም አልተጠቀመም፤ ስለዚህ ልኬቱ በአንድ ደን ሳይሆን በዞን ወይም በክልል ደረጃ መሆን አለበት። ሌላው ዘላቂነት ነው፤ ዛሬ የተከፈለበት ዛፍ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢቃጠል ካርቦኑ ይመለሳል፤ ለዚህ ሲባል ከተገኘው ቅነሳ የተወሰነው ሳይሸጥ በመጠባበቂያ ይያዛል። የደን ማኅበር ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮች ወረቀቱ ላይ በግልጽ መኖራቸውን ማየት አለበት፦ መነሻው ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት ባለው መረጃ እንደተሰላ፣ ቁጥሩ በካርቦን ይሁን በካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ልኬቱን ማን በስንት ዓመት አንዴ እንደሚያጣራ፣ እሳት ወይም ወራሪ ቢመጣ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ።